የስድሳ ሰባት ዓመት ደም

አምለሰት በግንቦት ካፖርት መልበስ የጀመረች ዕለት ገነነ ያሰበው ስለ ብርድ አልነበረም። ሀርጌሳ በግንቦት ምን ብርድ አለና! ዝናቡም ዘንድሮ ቀርቷል። ቆርቆሮው ገና ከረፋዱ ይንጣጣል፣ አቧራው ጥርስ መሃል ይገባል፣ የግቢው ሰው ሁሉ ጥላ ፍለጋ ሲዞር ይውላል። እሷ ግን ጥቁሩን የወንድ ካፖርት እስከ አገጯ ቆልፋ፣ ጉልበቷን አቅፋ ፀሐይ ላይ ትቀመጣለች። «በረደኝ» ትላለች። ገነነ ደግሞ ከደጃፉ ሆኖ ያያትና፣ «ከካፖርቱ ሥር ምን ደብቃ ይሆን?» ይላል በሆዱ።

ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። ልስን ሠራተኛ ነው፤ አሥራ አምስት ዓመት ግድግዳ ሲለስን ኖሯል፤ ያማረ ግድግዳ ፊት ሲቆም መጀመሪያ የሚፈልገው ስንጥቁን ነው። ሰውንም የሚያየው እንደዚያው ነው። በዚያ ላይ ጊዜው የመጠራጠር ጊዜ ሆነ። ሀገር ቤት ጦርነቱ ሁለተኛ ዓመቱን አጋምሷል። እሱ የወልዲያ ልጅ ነው፤ የእሷ ሰዎች ደግሞ ከመቀሌ ወዲያ ናቸው። ከሦስት ዓመት በፊት ሀርጌሳ ላይ ተገናኝተው ሲጋቡ ይህን ከቁም ነገር የቆጠረው አልነበረም። አሁን ግን ማሕሙድ ሃይቤ ሰፈር ባለው የሐበሾች ግቢ ውስጥ ሰው ሁሉ ወሬ የሚሰማው ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ፣ በሩን ዘግቶ ነው። የወልዲያ ስልክ ተከፍቷል። የእሷ ሰዎች ስልክ ከተዘጋ ዓመት ሊሞላው ነው።

ታዲያ አምለሰት ላይ የሚያየው ነገር ሁሉ ወደ አንድ ቦታ ይመራው ጀመር። ድምጿ ጎረነነ፤ ስታንሾካሹክ ከርማ ነው አለ። ጠዋት ፊቷ አብጦ ትነሣለች፤ ስታለቅስ አድራ ነው አለ፤ ለማን? ወጥ ላይ ጨው ሁለቴ ትጨምራለች፤ ልቧ ሌላ ቦታ ነው አለ። ሲጠራት ቆይታ፣ ቆይታ «አቤት» ትላለች፤ ይህ ደግሞ መልስ እያዘጋጀች ነው። ልብስ የምታጥብበት ቤት እመቤት፣ ዳሀቦ የምትባለው ጨርቅ ነጋዴ ሳትቀር፣ «ያቺ ልጅ ተኝታ ነው የምታጥበው» ብላ አስወርታባታለች።

የቀረውን የሞላው ይሄይስ ነው። ይሄይስ የሥራ ጓደኛው ነው፤ እዚያው ግቢ ተከራይቶ ይኖራል። ዋሄን ገበያ ከተቃጠለ ወዲህ ዙሪያው ሁሉ ግንባታ ሆኗልና ሁለቱም የሚውሉት አንድ ሕንፃ ላይ ነው። ገነነ መወጣጫው ላይ ቆሞ ይለስናል፤ ይሄይስ ከሥሩ አሸዋ ይነፋል።

«ገኔ፣ ሚስትህ ትናንት ከግቢው ጀርባ ስልክ ስታወራ ነበር» አለው ቀና ሳይል።

«ከማን ጋር?»

«እኔ ምን አውቄ! ቋንቋውን አልሰማው። አንተስ ትሰማዋለህ?»

«ትንሽ ትንሽ።»

«ትንሽ ትንሽማ አደገኛ ነው» ብሎ ሳቀ ይሄይስ። «ወይ ጨርሶ መስማት ነው፣ ወይ ጨርሶ አለመስማት። መሃል ላይ የቀረ ሰው ነው የሚያብደው።»

«የሰዎቿ ስልክ እኮ ዝግ ነው።»

«እሱን አይደል የምልህ? ዝግ ከሆነ ታዲያ ከማን ጋር ነው የምታወራው?»

«ዝም ብለህ አሸዋህን ንፋ።»

«እየነፋሁ ነው፣ ጌታዬ። እኔ ምን አገባኝ!»

ገነነ ያን ቀን አንዱን ግድግዳ ሁለት ጊዜ አፍርሶ ለሰነ።

ዓርብ ሥራ የለም። አምለሰት ከግቢው ማዶ ልብስ ስታሰጣ ካፖርቱን በሩ ላይ ሰቅላው ነበር። ገነነ ግራና ቀኙን አየና እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተ። የተጠበቀው ስልክ ቁጥር ወይም የሰው ፎቶ ነበር። የወጣው ግን አራት ጊዜ የታጠፈ የክሊኒክ ወረቀት ነው። በእንግሊዝኛ የደም ምርመራ የሚል አለበት፤ የቀረው የማይገባው ቃልና ቁጥር ነው። ስሙን አንብቦ ደግሞ አነበበው። ሸዋርካብሽ ይላል። ዕድሜ ስድሳ ሰባት፣ ፆታ ሴት።

እማማ ሸዋርካብሽ ከግቢው መጨረሻ ያለችውን ክፍል የተከራዩ አሮጊት ናቸው። ሀርጌሳ ሃያ ዓመት ኖረዋል። ከግቢው ሐበሾች ሁሉ የስደተኛ ካርድ ያላቸው እሳቸው ብቻ ናቸው፤ በካርዱም የደም ግፊት መድኃኒታቸውን በየወሩ በነጻ ይወስዳሉ። ገነነ ወረቀቱን ኪሱ ከቶ በራቸው ሲደርስ ሽንኩርት እየላጡ ነበር።

«እማማ፣ ሰሞኑን ክሊኒክ ሄደው ነበር?»

«ምን?»

«ደም ሰጥተው ነበር ወይ?»

አሮጊቷ ቢላዋውን ያዝ አደረጉት። «አዎን። ሰጥቻለሁ። ምነው?»

«መቼ?»

«ሰኞ።»

«ሰኞ ጉልበቴን ብለው ተኝተው ውሃ ያቀበልኩዎ እኔ ነኝ።»

«እንግዲያ ማክሰኞ ነዋ።»

«ማክሰኞም እኔው ነኝ ያቀበልኩዎ።»

«አንተ ልጅ፣ ፖሊስ ሆነህ ተቀጠርክ እንዴ?»

ገነነ ወረቀቱን አውጥቶ ፊታቸው ዘረጋው። «የእርስዎ ወረቀት ሚስቴ ኪስ ውስጥ ምን ይሠራል? ምን እያደረጋችሁ ነው ሁለታችሁ?»

እማማ ሸዋርካብሽ ሽንኩርቱን ሰፌዱ ላይ ወረወሩት። «ካርዴን ሰጠኋት! እና ምን ይሁን? ኒቃብ ለብሳ ሄደች፣ ማንም አላያት። ሴት ልጅ ሦስት ወር ሙሉ አበባዋ ቀርቶ፣ ፊቷ አብጦ፣ ምን ታድርግ? አንተን ታማክር? አንተ እንደ ዘበኛ በር ላይ ተቀምጠህ…»

ከዚያ የተናገሩት ነገር ገባቸውና አፋቸውን በመዳፋቸው ያዙ።

ገነነ ግን ከሁሉም የሰማው አንዱን ብቻ ነው። ሦስት ወር። የካቲት መግቢያ ላይ መጋዘን ሊለስን በርበራ ሄዶ ነበር። የተመለሰው ዋሄን ሲቃጠል፣ መጋቢት ማለቂያ ላይ ነው። ከግንቦት ወደ ኋላ ቆጠረ፤ የካቲት ላይ ወደቀ። በጣቱ ቆጠረ፤ ያው ነው። ካፖርቱ አሁን ገባው።

አምለሰትን አልጠየቃትም። ብጠይቃት ትዋሸኛለች ብሎ ቆርጧል። ወረቀቱ የእርግዝና ወረቀት መሆኑን ከሐኪም አፍ ሰምቶ፣ ማስረጃ ይዞ ሊቆምባት ነው የፈለገው። ቅዳሜ ጠዋት ለይሄይስ «አሞኛል» ብሎ ወደ ክሊኒኩ ሄደ። በሩ ላይ ዘበኛ ቆሟል። መስኮቱ ላይ በሦስት ቋንቋ ማስታወቂያ ተለጥፏል፤ ካርዱን ለሌላ ሰው ያዋሰ ካርዱ ይያዛል ይላል። ገነነ አማርኛውን አንብቦ ወረፋ ያዘ።

የላብራቶሪዋ ባለሙያ ሆዳን ትባላለች። ጅግጅጋ ያደገች ናትና አማርኛዋ ይፈስሳል።

«የእናቴ ወረቀት ነው» አላት ገነነ። «ምን እንደሚል ብትነግሪኝ።»

ሆዳን ተቀብላ አየችው። «የታይሮይድ ነው። አንገት ላይ ያለች ዕጢ።»

«እንቅርት የላትምኮ።»

«ባይኖራትም ዕጢዋ ትለግማለች። ይህን ቁጥር አየኸው? አንጎል ዕጢዋን "ሥሪ፣ ሥሪ" እያለ የሚጎተጉትበት ነው። ዕጢዋ ስትለግም ጉትጎታው ይበዛል፣ ቁጥሩ ይወጣል። የእናትህ ወጣ ብሏል። ግን ሰው በዕድሜ ሲገፋ በራሱም ይወጣል። ዕጢዋ የምታመርተው ገና አልወረደም፣ ዝቅ ወዳለው ጠርዝ ተጠግቷል እንጂ። ሐኪሙ "በስድስት ወር ትመለስ" ብሏል፤ ልክ ነው። ለአሮጊት ልብ መድኃኒቱም ሸክም ይሆናል፤ ቶሎ አንሰጥም። አይዞህ።»

ገነነ ግን አይዞህ የተባለ ሰው አልመሰለም። «እርግዝና የሚል የለበትም?»

ሆዳን ሳቀች። «ወንድሜ፣ እናትህ ስድሳ ሰባት ዓመታቸው ነው!»

እሱ አልሳቀም። የእሷም ሳቅ ቀስ እያለ ጠፋ። ወረቀቱን እንደገና አየችው፤ ከዚያ እሱን አየችው። አሁን የምትጠራጠረው እሷ ሆነች።

«ቆይ እስቲ። ይህን ደም የቀዳሁት እኔ ነኝ። ኒቃብ ለብሳ፣ በቀስታ እየተራመደች የመጣች ሴት። ድምጿ የጎረነነ። ክንዷን ስይዝ ቆዳው ሻካራ፣ ቀዝቃዛ። አሮጊት ናት ብዬ መርፌውን እንኳ በቀስታ ነው ያስገባሁት።» ድምጿን ዝቅ አደረገች። «እውነት እናትህ ናት?»

ገነነ ዘበኛውን አየ። ማስታወቂያውን አየ። እማማ ሸዋርካብሽ ካርዳቸውን ቢቀሙ የግፊት መድኃኒቱ ከየት ይመጣል? ወረቀቱን ሊቀበላት እጁን ዘረጋ።

«እሺ፣ አትንገረኝ» አለች ሆዳን። «እኔ ግን ልንገርህ። ይህ ቁጥር በወጣት ሴት ደም ውስጥ ከተገኘ ንግግሩ ሌላ ነው። በሽታው ራሱ ሴት ይወዳል፤ አምስት፣ ስድስት ሴት አይቼ ነው አንድ ወንድ የማየው። ያቺ ሴት ይበርዳት ነበር?»

«ይበርዳታል።»

«ትረሳለች?»

«ትረሳለች።»

«ጠዋት ፊቷ ያብጣል? አበባዋ ይዛባል?»

ገነነ መስኮቱን በሁለት እጁ ያዘ። «አበባ በዚህ ይቀራል? ሳታረግዝ?»

«ሳታረግዝም ይቀራል። አርግዛም ሊሆን ይችላል፤ ያን በምርመራ ነው የምናውቀው። ግን ስማኝ፤ አርግዛ ከሆነ ስድስት ወር አይጠበቅም፣ ስድስት ቀንም አይጠበቅም። ፅንሱ በመጀመሪያዎቹ ወራት የራሱ ዕጢ ሥራ አይጀምርም፤ በእናቱ ነው የሚኖረው። የእናቱ ከጎደለ የእሱም ይጎድላል። እኔ ስድሳ ሰባት የሚል አይቼ አሳለፍኩት፤ ሐኪሙም ስድሳ ሰባት የሚል አይቶ አሰናበታት። ስህተቱ ያለው ዕድሜው ላይ ነው። የማን ደም እንደሆነ ካልነገርከኝ ማንም አያርመውም።»

ከኋላው ወረፋ የያዙ ሴቶች ማጉረምረም ጀመሩ። ገነነ አንገቱን ወደ መስኮቱ አስገባ።

«የሚስቴ ነው» አለ። «ካርዱ የጎረቤታችን ነው። ደሙ የሚስቴ ነው።»

ሆዳን ዘበኛውን አልጠራችም። አዲስ ወረቀት ሳበች። «ነገ ራሷ ትምጣ፣ በራሷ ስም። ስም?»

«አምለሰት።»

«ዕድሜ?»

ገነነ እንደገና መቁጠር ጀመረ። «ሃያ ስምንት ይመስለኛል። ወይም ሃያ አምስት።»

«ሚስትህ ናት ወይስ አይደለችም?»

አፍሮ ስልኩን አወጣና ደወለ። አምለሰት ቆይታ አነሳች።

«አምሌ፣ ዕድሜሽ ስንት ነው?»

«ምን አልክ?»

«ዕድሜሽን ንገሪኝ። እዚህ እየጻፉ ነው።»

«ማን ነው የሚጽፈው? ገነነ፣ የት ነው ያለኸው? ለማን ነው የምታስጽፈኝ?»

«አይ፣ እኔ…»

ተዘጋ። ደግሞ ደወለ። ስልኳ ጠፍቷል። ያን ጊዜ ነው የጠየቀው ነገር ለእሷ ጆሮ እንዴት እንደተሰማ የገባው። ሀገር ቤት ሰው በስሙና በሰፈሩ እየተጻፈ ሲወሰድ የሰማች ሴት፣ ወር ሙሉ በጎሪጥ ሲያያት የከረመ ባል ድንገት ደውሎ «እየጻፉ ነው» ቢላት ምን ታስብ?

ከክሊኒኩ እስከ ግቢው በእግሩ ሮጠ ማለት ይቻላል። ክፍላቸው ባዶ ነበር። ልብሷ ከገመዱ ላይ የለም። የእማማ ሸዋርካብሽ በር ከውስጥ ተቀርቅሯል።

«አምሌ! ክፈቺ።»

«ማንን ይዘህ መጣህ?» አለ የጎረነነው ድምጿ ከውስጥ።

«ማንንም። ብቻዬን ነኝ።»

«ዕድሜዬን ለማን ሰጠህ?»

«ለማንም አልሰጠሁም። አላውቀውማ።»

ከውስጥ የእማማ ሸዋርካብሽ ሳቅ አመለጠ። «ሦስት ዓመት አብሯት ሲኖር! አይ ባል!»

ገነነ በሩ ሥር፣ መሬት ላይ ተቀመጠ። ክሊኒክ መሄዱን ነገራት። ኪሷን መፈተሹን ነገራት። ሆዳን ያለችውን አንድ በአንድ፣ ዕጢዋ ስለ መለገሟ፣ ቁጥሩ ለአሮጊት ሌላ፣ ለእሷ ሌላ ስለ መሆኑ ነገራት። አንዷን ነገር ሊዘላት ፈልጎ ነበር፤ አልሆነለትም።

«ሦስት ወር መሆኑን ሰማሁ» አለ።

«ቆጠርክ?» አለችው።

«ቆጠርኩ።»

«ምን ላይ ወደቀልህ?»

«በርበራ ላይ።»

አምለሰት አሁን ስትናገር ድምጿ ከበሩ አጠገብ ነበር፤ እሷም በወዲያ በኩል መሬት ተቀምጣ ኖሯል።

«እኔም ቆጥሬያለሁ» አለች። «እኔም በርበራ ላይ ወደቀብኝ። ከአንተ ሌላ ወንድ አላውቅም። ግን ነገር እረሳለሁ፣ ጨው እረሳለሁ፣ የሰው ስም እረሳለሁ፤ እና አንድ ቀን ቁጭ ብዬ "ይህንንስ ረስቼው ቢሆን?" አልኩ። ገባህ? እኔ ራሴን ጠረጠርኩ። አንተ ፊት ለፊቴ ተቀምጠህ እንደዚያ ስታየኝ ማን አይጠረጥርም?»

«ስልክ የምታወሪውስ» አለ ገነነ፣ ድምፁ ወርዶ፣ «ከማን ጋር ነው?»

«የእናቴ ቁጥር ላይ እደውላለሁ። የስልኩ ሴትዮ "ማግኘት አይቻልም" ትላለች። ከዘጋችው በኋላ ዝም ብዬ አወራለሁ። ለእናቴ የምነግራትን።»

በሩ ተከፈተ። የከፈቱት ግን እማማ ሸዋርካብሽ ናቸው። ከላይ ወደ ታች አዩት።

«ካርዱን ነገርካቸው?»

«ነገርኩ፣ እማማ።»

«ሳትጠይቀኝ።»

«ሳልጠይቅዎ። ይቅር ይበሉኝ።»

አሮጊቷ ነጠላቸውን አስተካከሉ። «የእሷ ደም በእኔ ስም ከተቀመጠ፣ እኔ የታመምኩ ቀን ማንን ሊያክሙ ነው? እኔም ስሰጣት ይህን አላሰብኩም። ነገ አብሬ እሄዳለሁ።» ከዚያ ወደ ኋላ ዞረው፣ «ዕድሜሽን ንገሪው፣ ልጄ። ባሎች ማወቅ ካለባቸው ነገር አንዱ ነው» አሉ።

«ሃያ ስድስት» አለች አምለሰት ከጨለማው።

በማግስቱ ሁለቱ ሴቶች ከፊት፣ ገነነ ከኋላ ሆነው ሄዱ። አብሮ ሊራመድ ሲሞክር አምለሰት ቆማ ጠበቀችውና «እዚያው ሁን» አለችው። ካርድ ለሌለው፣ ለሚከፍል ሰው በተለየው መስኮት በራሷ ስም፣ በራሷ ዕድሜ ተመዘገበች። ሆዳን አሁን ያለ ኒቃብ ፊቷን አየችና፣ «እኔ ነኝ ማፈር ያለብኝ» አለቻት። የእርግዝናው መልስ ወዲያው ደረሰ። የለም። አምለሰት አልሳቀችም፣ አላለቀሰችም፤ መዳፏን ሆዷ ላይ አድርጋ ትንሽ ቆየችና አነሳችው። ገነነ ከክሊኒኩ አጥር ማዶ ሆኖ ሲሰማ ደስታው ልቡ ሳይደርስ እፍረት ሆኖ ፊቱ ላይ ቀረ።

የደሙ መልስ ሰኞ ወጣ። ቁጥሩ ካለፈውም ትንሽ ጨምሯል። ሐኪሙ ይህን ጊዜ በስድስት ወር ተመለሺ አላለም። ትንንሽ ነጭ ኪኒን ጻፈላት፤ ጠዋት ምግብ ሳትቀምስ፣ በውሃ ብቻ፣ በየቀኑ። ከስድስት ሳምንት በኋላ ደሟ እንደገና ይታያል፤ ልጅ ከፈለገች ከዚያ በኋላ ይነጋገራሉ። የእማማ ሸዋርካብሽን ካርድ ግን የመስኮቱ ጸሐፊ ነገሩ እስኪጣራ ብሎ ያዘው። አሮጊቷ ሊከራከሩ ቃጣቸውና ተዉት። «የዚህ ወር መድኃኒት ቤቴ አለ» አሉት። «በሚመጣው ወር መጥቼ እዚህ ደጅህ ላይ እተኛለሁ፤ ያን ጊዜ እንተያያለን።»

አምለሰት ወደ ክፍላቸው ተመለሰች። ኪኒኑ ግን አልተመለሰም። በየጠዋቱ ግቢውን አቋርጣ እማማ ሸዋርካብሽ ዘንድ ትገባለች፤ እዚያ ውጣው ትወጣለች። ገነነ አንድ ሳምንት ታገሰ።

«እኛ ቤት ብታስቀምጪው ምን አለበት?» አላት።

«እዚያ ስውጠው ማንም አያየኝም» አለችው።

ሊላት ያሰበው ቃል ሁሉ እንደገና ጥያቄ ሆነበት። ሌላ አንድ ነገር ብቻ ይችል ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ፣ እሷ ከመኝታዋ ሳትነሣ፣ ለሥራ መውጣት ጀመረ። ግቢው በጠዋት ለእሷ ባዶ እንዲሆን።

ይሄይስ ሕንፃው ሲደርስ ገነነ መወጣጫው ላይ ሆኖ ገና ፀሐይ ያልነካው ግድግዳ ፊት ቆሞ ያገኘዋል።

«ምን ሆነሃል አንተ? በጨለማ ነው እንዴ የምትመጣው? ሚስትህ ታባርርሃለች?»

«አዎ» አለው ገነነ፣ ልስኑን እየገፋ። «ገና መልሳ አላስገባችኝም።»